115.9 ቢሊዮን ወይስ 28 ቢሊዮን? የአየር ንብረት ፋይናንስ ሒሳብ የገባው ያስረዳኝ

ማይኩ_በእጄ፦

ሰላም ቤቶች፣ እህታችሁ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ ናት። በ2027 ኮፕ32፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ አዲስ አበባ ላይ ስለሚካሄድ ከወዲሁ ስለ አየር ንብረት ፋይናንስ ተከታታይ ዝግጅት እየሠራሁ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሪፖርቶቹ ሁሉ በዚያ ስለሆኑ።)

የመጀመሪያው ክፍል ጥያቄ አጭር ነው። ሀብታም አገሮች በ2009 ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 ድረስ ለታዳጊ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን ብለው ነበር። አደረጉት ወይስ አላደረጉትም? በቃ ይሄው ነው።

መልሱ ግን ያው አንድ ሆኖ አልተገኘም። የሀብታም አገሮች ማኅበር የሆነው የኦኢሲዲ ሪፖርት በ2022 ገንዘቡ 115.9 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ቃሉ ተጠብቋል ይላል። የዕርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ያንኑ ዓመት ይዞ እውነተኛ ዋጋው ከ28 እስከ 35 ቢሊዮን ቢሆን ነው ይላል። ዓመቱ አንድ፣ አገሮቹ አንድ፣ ልዩነቱ ከ80 ቢሊዮን በላይ! በልዩነቱ ብቻ ስንት ህዳሴ ግድብ ይሠራ ነበር እያልኩ ነው የማድረው።

አንዳቸው እየዋሹ ነው? ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በትክክል ከመንግሥት ካዝና፣ ከግብር ከፋዩ ኪስ የወጣው የቱ ነው? አድማጮቼ ውስጥ ገበሬውም መምህሩም አለ። «ባለሙያዎች ይለያያሉ» ብዬ ላልፋቸው አልፈልግም።

ፎርም_ሞይ፦

እህቴ፣ ማንም አልዋሸም። የሚቆጥሩት ነገር ነው የተለያየው።

መጀመሪያ 115.9ኙን በትኚው። 91.6 ቢሊዮኑ የመንግሥት የሚባለው ነው። ከእሱም 41ዱ አገር ለአገር በቀጥታ የሚሄድ ሲሆን 50.6ቱ በዓለም ባንክ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክና በመሳሰሉት በኩል የሚያልፍ ነው። 21.9 ቢሊዮኑ የመንግሥት ገንዘብ ጎትቶ አመጣው የሚባል የግል ኢንቨስትመንት ነው። የቀረችው 2.4 የወጪ ንግድ ብድር ናት። ስለዚህ «ሀብታም መንግሥታት 115.9 ቢሊዮን ሰጡ» ብለሽ በአየር ላይ ካነበብሽ ገና ከበሩ ተሳሳትሽ።

ብዙ ሰው የማያየው የባንኮቹን ሒሳብ ነው። ዓለም ባንክ መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚያበድረውን ገንዘብ በአብዛኛው ከገበያ ነው የሚያመጣው፣ ቦንድ ሸጦ። አባል አገሮች የከፈሉት ካፒታል አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ከቸገረህ እንከፍልልሃለን» ብለው የገቡለት ዋስትና አለ። በርካሽ የሚበደረው በእሱ ትከሻ ነው። ኦኢሲዲ ታዲያ ባንኩ በዓመቱ ለአየር ንብረት ያወጣውን ወስዶ፣ በባንኩ ውስጥ የሀብታሞቹ ድርሻ ስንት ነው ብሎ፣ በዚያው ልክ ለእነሱ ይጽፍላቸዋል። አገሮቹ ለባንኩ ያዋጡትንም ባንኩ ያበደረውንም ቢደምሩ አንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር የወጣውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ዘዴው ምክንያት የለውም አልልም፣ አለው። ግን በ50.6ቱ ውስጥ በዚያ ዓመት ከማንም ግብር ከፋይ ኪስ ያልወጣ ብዙ ገንዘብ አለ።

አሁን ወደ አገር ለአገሩ እንምጣ፣ እሱን በእጄ ስለሠራሁት አውቀዋለሁ። ስሙን በማልጠራው የለጋሽ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ሪፖርት እሞላ ነበር። ፎርሙ ላይ አንዲት ሣጥን አለች፣ ሪዮ ማርከር ይሏታል። 0 ከሞላሽ ፕሮጀክቱ ከአየር ንብረት ጋር አይገናኝም ማለት ነው። 2 ከሞላሽ ዋና ዓላማው ነው። 1 ማለት ደግሞ ዋና ዓላማው ሌላ ነው ግን የአየር ንብረቱም ጉዳይ በደንብ አለበት። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ሰነዱ ሰኞ መድረስ አለበት፣ የሴቶች የቁጠባ ማኅበር ፕሮጀክት ነው፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ችግኝ የሚል ነገር አለበት አይደል? 1 በላት» ይለኛል። 1 ሆነች።

ያቺ 1 ከዚያ በኋላ የምትሆነውን ስሚ። 100 ሚሊዮን ዶላር የሆነና 1 የተሞላ ፕሮጀክት የአውሮፓ ኮሚሽን ቢሆን 40 ሚሊዮኑን ብቻ ለአየር ንብረት ይቆጥረዋል። ጀርመን ግማሹን፣ 50 ሚሊዮን ትላለች። ጃፓን ሙሉውን 100። ፕሮጀክቱ ያው፣ ቀበሌው ያው። ማርከሩን ሲያወጡት የፕሮጀክቶችን ዓላማ ለመለየት እንጂ ለገንዘብ መቁጠሪያ አልነበረም፤ ሌላ መቁጠሪያ ስላልነበረ እሱኑ አደረጉት።

የራይን_ዳር_ልጅ፦

እኔ ጀርመን ነው የምኖረው፣ ግብር ከፋይም ነኝ፣ ስለዚህ ይሄ ነገር በቀጥታ ያገባኛል።

ጀርመኖች ቢያንስ አንድ ነገር ይለያሉ። በ2022 ከበጀት የወጣው ከ6 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ካኤፍቬ የሚባለው የመንግሥት ልማት ባንክ ከገበያ አምጥቶ ያበደረውና የግሉ ሲጨመርበት ግን ጠቅላላው ወደ 10 ቢሊዮን ይጠጋል። ለጋዜጣ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ከኪሴ የወጣው ግን የፊተኛው ነው። ማይኩ፣ የጠየቅሽው እሱን ከሆነ በየአገሩ ሪፖርት ውስጥ «ከበጀት» የሚለውን መስመር ፈልጊ። ሁሉም አይለየውም እንጂ።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ምን መሰለሽ፣ ስሙ «የአየር ንብረት» ተብሎ የገባው ምን እንደሆነ የሚቆጣጠር የለም። ሮይተርስ በ2023 ሲመረምር ምን አገኘ? ጣሊያን በእስያ የቸኮሌትና የአይስክሬም መደብሮች እንዲከፈቱ የሰጠችው ገንዘብ። ቤልጂየም ደን ውስጥ ለሚካሄድ የፍቅር ፊልም የሰጠችው። አሜሪካ ሄይቲ ውስጥ ለሆቴል ማስፋፊያ ያበደረችው። ጃፓን ደግሞ ባንግላዴሽ ውስጥ ለድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ! ከሰል! ከአሮጌው ይልቅ ጭሱ ያነሰ ነው ተብሎ። ይሄ ሁሉ 100 ቢሊዮኑ ውስጥ ተደምሯል፣ ሕግም አልጣሰም፣ ምክንያቱም ሕግ የለም። እያንዳንዱ አገር ምን እንደሚቆጥር የሚወስነው ራሱ ነው።

ቡና_በጨው፦

እኔ የገባኝን ባጭሩ ልበል። ለልጄ ሠርግ 50 ሺህ ብር አበደርከኝ። የመዋጮው መዝገብ ላይ «50 ሺህ ሰጠ» ተብሎ ተጻፈልህ። ወለዱን የምከፍለው እኔ፣ እልልታው ለአንተ።

ወለድ_ቆጣሪ፦

@ቡና_በጨው አስቀህ ገደልከኝ፣ ግን ግማሹን ነው የያዝከው። በርካሽ ያበደረ ሰው ምንም አልሰጠም አይባልም። ጥያቄው ምን ያህሉ ነው ስጦታ የሚባለው ነው። የኦኢሲዲና የኦክስፋም ልዩነት ትልቁ ክፍል እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት፣ ሒሳብ የማይወድ ይዝለለው።

በ2022 ከመንግሥት ከመጣው ገንዘብ ከመቶ 69ኙ ብድር ነው። ስጦታው 28 ከመቶ ነው። ኦኢሲዲ ብድሩን የሚመዘግበው በሙሉ ዋጋው ነው፣ 100 ሚሊዮን ካበደርክ 100 ሚሊዮን። ሲመለስ ግን አይቀነስም።

አሁን በምሳሌ እንየው። 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ወለዱ 2 ከመቶ፣ ዋናው በ10ኛው ዓመት ማብቂያ በአንድ ጊዜ የሚመለስ። ተበዳሪው በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ይከፍላል፣ መጨረሻ ላይ 100ውን ይመልሳል። የዛሬ 10 ዓመት የሚመለስ ብር ከዛሬው ብር ያንሳል፣ እሱ ግልጽ ነው። ገንዘብ በዓመት 5 ከመቶ ዋጋ ያጣል ብለን ብናሰላው ተበዳሪው የሚመልሰው ሁሉ በዛሬ ዋጋ 77 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በእውነት የተሰጠው 23 ሚሊዮን ነው። ወለዱ 5 ከመቶ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ዜሮ። መዝገቡ ላይ ግን በሁለቱም 100 ነው የሚለው።

ኦክስፋም የሚያደርገው ይሄን ነው፣ ብድሩን ወደ ስጦታ ድርሻው ያወርደዋል። በዚያ ላይ ፎርም ሞይ እንዳለው በ1 የገቡትን ፕሮጀክቶች የአየር ንብረት ድርሻ አሳንሶ ይወስዳል። 115.9 ወደ 28 እና 35 የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ግን የኦክስፋምም ከሰማይ የወረደ አይደለም። የምታሰዪበትን መቶኛ ለውጪና ያንኑ ብድር እዪው። ኦኢሲዲ ለድሃ አገሮች የሚሰጥ የልማት ብድር ስጦታነት ሲያሰላ የሚጠቀመው 9 ከመቶ ነው። በ9 ካሰላሽው የእኔ ምሳሌ ስጦታ 45 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። አንዲት ቁጥር ስትለወጥ ስጦታው በእጥፍ ገደማ አደገ። ለዚህ ነው ማንንም «እውነተኛው ቁጥር ይሄ ነው» ሲል ዝም ብዬ የማላምነው።

የሚገርመው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ እነዚሁ አገሮች የልማት ዕርዳታን በስጦታ ድርሻ ነው የሚመዘግቡት። የአየር ንብረቱን ግን በሙሉ ዋጋ። በፓሪስ ስምምነት ሥር በሚያቀርቡት ሪፖርትም የስጦታ ድርሻውን ማሳየት በፈቃደኝነት ነው። ማነው በፈቃዱ ቁጥሩን የሚያሳንሰው?

ይሄ በአገሮች መካከል ያለውን ደረጃም ይገለብጠዋል። ፈረንሳይና ጃፓን ትልልቅ ሰጪዎች ናቸው፣ ግን በአብዛኛው የሚሰጡት ብድር ነው። ስዊድን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ በአብዛኛው ስጦታ ነው የሚሰጡት። በሙሉ ዋጋ ስታወዳድሪ 1 ዶላር ያበደረና 1 ዶላር የሰጠ እኩል ይቀመጣሉ። እንደኔ እንደኔ ይሄ ከአይስክሬሙም ይብሳል። አይስክሬሙ ጥቂት ሚሊዮን ነው፣ ይሄ በአስር ቢሊዮኖች ነው።

የድሮ_ሰው፦

ልጆች፣ ነገሩ ከሥሩ ነው የተበላሸው፣ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

100 ቢሊዮን የምትለዋ ቁጥር ላይ የእኛም ሰው እጅ አለበት። በታኅሣሥ 2009 ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ። ያቀረቡት ሐሳብ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በዓመት 10 ቢሊዮን፣ በ2015 50 ቢሊዮን፣ በ2020 100 ቢሊዮን ይድረስ የሚል ነበር። በማግስቱ የያኔዋ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን አሜሪካ 100 ቢሊዮኑን ለማሰባሰብ ከሌሎች ጋር ትሠራለች አሉ። ያኔ ብዙ አፍሪካዊ መለስን በርካሽ ሸጡን ብሎ ተቆጥቷል፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው፣ እዚህ አልከፍተውም። በ2010 ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን የሚያጠና የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ቡድን ተቋቁሞ መለስና የኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶልተንበርግ በጋራ መርተውታል። ከባድ ነው ግን ይቻላል ብለው ሪፖርት አወጡ።

የኮፐንሃገኑን ወረቀት ግን አንብቡት። ገንዘቡ ከመንግሥትም ከግልም፣ ከአገር ለአገርም ከባንኮችም፣ ከሌሎች አማራጭ ምንጮችም ይመጣል ይላል። ብድር ይቆጠር አይቆጠር፣ በምን ዋጋ ይቆጠር፣ ባንክ ያወጣው የማን ነው፣ አንዱንም አይልም። በ1992ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ላይ ደግሞ ገንዘቡ «አዲስና ተጨማሪ» ይሁን ይላል፣ ከምን ላይ ተጨማሪ እንደሆነ እስከ ዛሬ የተስማሙበት የለም። ያው የትምህርትና የጤና ዕርዳታ ስሙ ተቀይሮ ቢመጣ በምን ትይዘዋለህ? ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነው ባይ ነኝ፤ ባይተዉት ኖሮ የሚፈርም አይገኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ መቼ ቆመ። በ2015 ከፓሪሱ ጉባኤ በፊት ኦኢሲዲ የ2014ቱ ገንዘብ 61.8 ቢሊዮን ነው አለ። የህንድ ገንዘብ ሚኒስቴር ሰነዱን አገላብጦ በእርግጠኝነት ሊባል የሚችለው 2.2 ቢሊዮን ብቻ ነው ብሎ መለሰ፣ እሱ የቆጠረው ለአየር ንብረት ከተቋቋሙት ፈንዶች በትክክል ተከፍሎ የወጣውን ብቻ ስለነበር። ኦክስፋምና ኦኢሲዲ ተራራቁ የምትሉ እነዚያን እዩ።

አሁን ደግሞ ባኩ መጣ። በ2024 እዚያ በተካሄደው ኮፕ29 ላይ አዲሱ ግብ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከሁሉም ምንጭ 1.3 ትሪሊዮን ይድረስ የሚል ጥሪ አለ። ትልቅ ይመስላል። ግን ወረቀቱ ውስጥ የልማት ባንኮች የሚያወጡትን የአየር ንብረት ገንዘብ ሁሉ ወደ ግቡ መቁጠር እንደሚቻል የምትፈቅድ መስመር ገብታለች። ፎርም ሞይ ያለው የሀብታሞች ድርሻ ተብሎ የሚከፋፈለው ቀረ ማለት ነው፣ ቻይናና ህንድ በባንኮቹ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የሚያወጣውም ይደመራል። አንድ ዶላር ሳይጨመር ቁጥሩ ያድጋል። ውሳኔው ሲጸድቅ የህንዷ ተደራዳሪ ብድግ ብላ የዓይን ማታለል ነው ያለችው በከንቱ አይደለም።

በዚያ ላይ አሜሪካ የለችም። በ2025 ከፓሪስ ስምምነት እወጣለሁ አለች፣ ታዳጊ አገሮችን ለመደገፍ ለተቋቋመው የአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ገና ያልከፈለችውን 4 ቢሊዮን ዶላር ቃሏንም ሰረዘች። የ2025ና የ2026 ቁጥሮች ሲወጡ ማን እንደጎደለ ያሳያሉ፣ ያውም ቶሎ አይወጡም፣ የ2022ቱ እንኳ የወጣው በ2024 ነው።

ማይኩ_በእጄ፦

ኧረ ተባረኩ! ከዚህ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ክፍል ይወጣዋል። @ወለድ_ቆጣሪ የብድሩን ምሳሌ በብር ቀይሬ እጠቀምበታለሁ፣ ቅር ካላለህ።

አንድ ብቻ ልጨምር። ስልክ ሲከፈት የመጀመሪያው ደዋይ ምን እንደሚል ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ለእኛ ምን አመጣ?» ነው የሚለኝ። ለኢትዮጵያስ?

የራይን_ዳር_ልጅ፦

ደዋዩ ልክ ነው!

ወለድ_ቆጣሪ፦

ቅር አይለኝም። ግን በብር ስትቀይሪው የምንዛሪውን ነገር እንዳትረሺ። ብድሩ በዶላር ነው የሚመለሰው። ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን አድማጭሽ ከእኔ በላይ ያውቃል። የእኔ 23 ሚሊዮን ስሌት ውስጥ ይሄ የለም። በብር ለሚሰበስብ መንግሥት ርካሽ የተባለው ብድር ከወረቀቱ በላይ ይከብዳል፣ ይሄን ደግሞ ኦኢሲዲም ኦክስፋምም አይቆጥሩትም።

ፎርም_ሞይ፦

ማይኩ፣ የደዋዩን ጥያቄ በአንድ ቁጥር አትመልሺለት። የሚያስፈልገውና የመጣው ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው ማሳየት ያለብሽ።

የሚያስፈልገው ተጽፏል። ኢትዮጵያ በ2021 ያሻሻለችው የአየር ንብረት ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ 316 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ይላል። ከእሱ 20 ከመቶው በራሳችን፣ 80 ከመቶው ከውጭ ድጋፍ ይመጣል ተብሎ ነው የታሰበው። ከመላው ዓለም ሀብታሞች የአንድ ዓመት ገንዘብ ጋር አስተያዪው እስቲ፣ እሱም በሙሉ ዋጋ ተቆጥሮ።

የመጣው ላይ ደግሞ ስለ ቁጥሩ ጥራት ንገሪያቸው። ኬር የተባለው ድርጅት በ2021 መጀመሪያ ያወጣው ጥናት አለ፣ ለመላመድ ተሰጠ የተባለውን ገንዘብ ፕሮጀክት በፕሮጀክት ሄዶ ያየ። 112 ፕሮጀክቶች፣ 6 አገሮች፣ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሰጪዎቹ የመላመዱን ገንዘብ 42 ከመቶ አጋንነው ነው የመዘገቡት አለ። የእኔ አለቃ ብቻ አልነበረም እንግዲህ።

መላመድ ያልኩት ድርቁን፣ ጎርፉን፣ የዝናቡን መዛባት መቋቋሙን ነው፣ ደዋይሽን የሚያገባው ይሄ ነው። በ2022 ከ115.9ኙ ለዚህ የዋለው 32.4 ቢሊዮን ነበር። አብዛኛው ልቀት ለመቀነስ ነው የሚሄደው፤ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ገቢ ስላለው ለአበዳሪ ይመቻል። የቦረና ኩሬ ወለድ አይከፍልም።

አንድ በግልጽ የሚታይ ፕሮጀክት ከፈለግሽ የአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንዱን ውሰጂ። በጥቅምት 2017 ለኢትዮጵያ ለድርቅ መቋቋሚያ 45 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፣ ስጦታ ነው፣ ብድር የለበትም። በመንግሥት በኩል 5 ሚሊዮን ተጨምሮ 50 ሆነ። የሚያስፈጽመው የራሳችን ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ በሌላ ድርጅት በኩል አያልፍም። ለውኃ፣ ለአነስተኛ መስኖና ለተራቆተ መሬት የሚውል ነው። እና ይሄን ስትሠሪ አንድ ነገር ለዪ፣ 45 ሚሊዮን የጸደቀው ነው። የሚጸድቅ ሌላ፣ የሚለቀቅ ሌላ፣ ወረዳ የሚደርስ ሌላ። ሦስቱን በየዓመቱ በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ከዚያ ከወረዳዎቹ አንዱ ጋ ደውለሽ የውኃ ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አየር ላይ አስገቢው፣ ፓምፑ ይሠራል ወይ ብለሽ።